ለመኪናው ክብደት፣ ለልጆቹ ወንበር

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆች ልብ አያት ቤት ነው። አያቶችም በበኩላቸው «የበቆሎው እሸት ሳያልፍ ልጆቹን አምጡልን» እያሉ መደወል ይጀምራሉ። ነሐሴ ላይ ቡሄ አለ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ዕንቁጣጣሽ። ችግሩ የልጆች እረፍትና የጭቃ ወራት አብረው መምጣታቸው ነው። ከአስፋልቱ ተገንጥላ እስከ አያት ግቢ የምትዘልቀው ያቺ አጭር መንገድ በበጋ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ግማሽ ቀን ልትወስድ ትችላለች።

በብዙ ቤት ለዚህ ጉዞ የሚነሳው መኪና ፒካፕ ነው። በሥራ ቀን ዕቃ ያመላልሳል፣ በበዓል ቤተሰብ ይዞ ይወጣል። ከፍ ያለና ጠንካራ ስለሆነ ሰው ጭቃ አይበግረውም ብሎ ይገምታል። ሁሉም ፒካፕ ግን ፎር ዊል አይደለም። ብዙዎቹ የሚገፉት በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ፒካፕ ባዶውን ጭቃ ላይ ሲገባ ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ያነሰ አቅም ሊኖረው ይችላል።

ጎማው ባዶውን መሽከርከር ሲጀምር ታዲያ ከጋቢና የሚወጣው ቃል የተለመደ ነው፤ «ልጆች፣ እስቲ ከኋላ ውጡና መኪናው ይክበድ!» ልጆቹም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች አንዲት አረፍተ ነገር ነው። ግማሿ ትክክል ነው፤ መኪናው በእርግጥ ክብደት ይፈልጋል። ግማሿ ግን አደገኛ ስህተት ነው፤ ልጅ ክብደት አይደለም።

ባዶ ፒካፕ ለምን ይንሸራተታል?

ጎማ መሬት የሚይዘው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ጎማውና መሬቱ ምን ያህል ይነካከሳሉ የሚለው ነው። ሌላው ጎማውን ወደ መሬት የሚጫነው ክብደት ነው። ፒካፕ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ሰዎቹም ያሉት ወደ ፊት ነው። ከኋላ ያለው ባዶ የጭነት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ፒካፕ ላይ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደት የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው፤ መኪናውን የሚገፉት ደግሞ የኋላዎቹ ናቸው። ሥራውን የሚሠራው ጎማ ቀላል፣ ሥራ የሌለው ጎማ ከባድ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የኋላው ባሌስትራ የተሠራው ጭነት ለመሸከም ነው። ባዶ ሲሆን ደረቅ ይሆንና ጉድጓድና ጉብታ ላይ ጎማውን ያዘልለዋል። የዘለለ ጎማ ደግሞ ለዚያች ቅጽበት ምንም አይዝም።

ሦስተኛው ምክንያት ዲፈረንሻሉ ነው። መኪና ሲታጠፍ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ በጣም ጠቃሚ ዕቃ ነው። ጭቃ ላይ ግን ድክመት አለበት። አንደኛው ጎማ መሬት ሲያጣ ያ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት ላይ የቆመው ሌላኛው ጎማ ዝም ብሎ ያያል። «አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሳለ ለምን አይወጣም?» ብለው የሚገረሙ ብዙ ናቸው። መልሱ ይኸው ነው።

የአፈሩም ነገር አለ። በበቾ፣ በአድአ፣ በእነዋሪ አካባቢ ያለውን ጥቁር ዋልካ የሚያውቁ አያቶች ይህን ከእኔ በላይ ያስረዳሉ። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና እንደ ሊጥ ይሆናል። የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ አዲስ ጎማ እንኳ እንደ መላጣ ጎማ ይሆናል።

ክብደቱ ምን ይሁን? የት ይቀመጥ?

ርካሹና ተመራጩ ክብደት አሸዋ ነው። ለአንድ ተራ ፒካፕ ከ100 እስከ 200 ኪሎ፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሁለት ኩንታል ይበቃል። ማዳበሪያ ከረጢት እስከ አፉ በአሸዋ ቢሞላ ወደ ኩንታል ሊጠጋ ስለሚችል ለማንሳትም ለማስቀመጥም ያስቸግራል። ግማሹን ብቻ ሙሉትና አፉን አጥብቃችሁ እሰሩት። ግማሽ የተሞላ ከረጢት ተኝቶ ይቀመጣል፤ አይንከባለልም። አራት እንዲህ ያለ ከረጢት ወደ ሁለት ኩንታል ይሆናል። አሸዋው በዝናብ እንዳይርስና ክብደቱ እንዳይጨምር ላዩን ሸራ አልብሱት።

ቦታው ከመጠኑ እኩል ዋጋ አለው። ክብደቱ መቀመጥ ያለበት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው አክስል ላይ፣ ወይም ከእሱ ትንሽ ወደ ጋቢናው ጠጋ ብሎ ነው። በጭነት ቦታው ውስጥ ጎማዎቹን የሚሸፍኑት ሁለት ጉብታዎች ይታያሉ፤ ቦታው በነሱ መሀል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጭነቱን በስተመጨረሻ፣ ከበሩ አጠገብ በመደርደር ነው። እንዲህ ሲሆን የኋላው እየተጫነ የፊቱ ይነሳል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይቀላል፣ መኪናው አልታጠፍም ይላል።

ከረጢቶቹን እሰሩ። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ 50 ኪሎ አሸዋ ወደ ጋቢናው መስታወት ሊወረወር ይችላል። ከፊትና ከኋላ በእንጨት አግዱትና በጭነት ቦታው ማሰሪያዎች ላይ በገመድ ወጥሩት።

መኪናው የሚችለውን ጭነትም አትርሱ። በሊብሬው ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ልክ አሸዋውን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንና ለአያት የሚጫነውን ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ሁሉ ይጨምራል። ከአገር ቤት ስትመለሱ ደግሞ ጤፍ ወይም ድንች የሚጫን ከሆነ አሸዋው አያት ግቢ ይቅር፤ እህሉ በዚያው ቦታ ይተካው። አንዱን ከረጢት ግን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ጎማ ሲቀረቀር ከሥሩ የሚረጨው እሱ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። የአስር ዓመት ልጅ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ኩንታል ለመሙላት ሰባት ልጆች ያስፈልጋሉ። አራት ከረጢት አሸዋ የሚሠራውን ሥራ የአንድ ሰፈር ልጅ ተሰብስቦ አይሠራውም ማለት ነው። ደግሞም አሸዋ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ልጅ ግን ይቆማል፣ ይንቀሳቀሳል፣ መልኩን ለማየት ወደ ዳር ይወጣል። መኪናው ተንሸራትቶ ጎኑን ሲመታ ወይም ከጭቃው በድንገት ሲፈናጠር ቀበቶ የለው፣ ወንበር የለው። የሚያድነው የሁለት እጁ ጉልበት ብቻ ነው። ጋቢናው ሁሉንም ልጆች የማይችል ከሆነ መፍትሔው ሁለት ጊዜ መመላለስ ወይም የተረፉትን በአውቶቡስ መላክ ነው።

ጎማው ይቀድማል

ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለጎማ ነው። ክብደት መላጣ ጎማን አያድነውም። በብዙ አገር ሕግ የሚፈቀደው ዝቅተኛ የጎማ ጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በዝናብ ላይ ግን ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ የመያዝ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። ለመለካት ባለሙያ አያስፈልግም። የክብሪት እንጨት በጥርሶቹ መሀል ወዳለው ሰርጥ አስገቡ፤ ከጎማው ገጽ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍራችሁ ያዙና በልጃችሁ ማስመሪያ ለኩት። ልጁንም አስለኩት፤ ለእረፍት ጊዜ ጥሩ የሒሳብ ሥራ ነው። በሰርጡ ውስጥ የሚታዩት ከፍ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች ከጥርሱ እኩል ከሆኑ ጎማው አልቋል።

ዕድሜውንም እዩ። በጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2419 ቢል ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2019 በ24ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ሲያረጅ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ መያዝ ይሳነዋል።

አዲስ ስትገዙ ኤ እና ቲ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉበት ጎማ ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም ይሆናል። ኤች እና ቲ የሚለው በዋናነት ለአስፋልት ነው። ኤም እና ቲ የሚለው ለጭቃ ነው፤ ጥርሱ ሰፋፊ ስለሆነ የገባበትን ጭቃ ወርውሮ ይጥላል፤ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ በዝናብም ላይ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ይይዛል። ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ ሁለቱ አዲሶች ከኋላ ይሁኑ። መጠናቸውና ዓይነታቸውም አንድ ይሁን።

የነፋሱን ልክ ጎሚስታው በልማድ አይሙላው። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ባለው ምልክት ላይ ተጽፏል፤ ለባዶና ለጭነት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ጭቃ ላይ ነፋሱን በመጠኑ መቀነስ ጎማው መሬቱን በሰፊው እንዲረግጥ ያደርጋል። ይህ ግን የሚሠራው ቀስ ብሎ ለሚነዳ፣ መንፊያ ለያዘና አስፋልት ከመውጣቱ በፊት መልሶ ለሚሞላ ሰው ነው። መንፊያ ካልያዛችሁ አትንኩት።

የጎማ ሰንሰለት ያላችሁ ደግሞ በሁለቱም የኋላ ጎማዎች ላይ እሰሩት እንጂ በአንዱ ብቻ አይሁን። ጭቃው እንዳለቀም ፍቱት፤ አስፋልት ላይ ሰንሰለቱም ጎማውም መንገዱም ይጎዳሉ።

የሾፌሩ እግር

ጎማውም ክብደቱም ተሟልቶ እግር ከከበደ ዋጋ የለውም። ጭቃ ላይ ከቆማችሁበት ስትነሱ በሁለተኛ ማርሽ ተነሱ። አንደኛ ማርሽ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ጎማውን ቶሎ ያሽከረክረዋል። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ነዳጁን በስሱ ስጡ። ጭቃው ከመድረሱ በፊት ማርሻችሁን ምረጡና መሀል ላይ ሳትቀይሩ፣ ሳትቆሙ፣ በአንድ ልክ ውጡ።

መጥፎ ቦታ ስትደርሱ አንድ አዋቂ ይውረድና በእግሩ ይየው፤ ዱላ ይዞ ጥልቀቱን ይለካ። የከባድ መኪና ዱካ በጣም የጠለቀ ከሆነ ዱካው ውስጥ አትግቡ። የፒካፑ ዲፈረንሻል መሀሉ ባለው ጉብታ ላይ ይቀመጥና ጎማዎቹ ይንጠለጠላሉ።

አስፋልትም ቢሆን አይታመንም። ከበጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ያነሳና እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ኋላው ሲንሸራተት ነዳጁን ልቀቁ፣ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ በእርጋታ አዙሩ። እንደ ጣርማ በርና እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ከባዱን ማርሽ ከመውረዳችሁ በፊት ያዙ። በሚያንሸራትት ቁልቁለት መሀል በድንገት ማርሽ ማውረድ የኋላ ጎማዎቹን ፍሬን እንደተያዙ ያህል ይጎትታቸዋል፤ ባዶ ፒካፕ ያን ጊዜ ጅራቱን ያዞራል።

ሲቀረቀር

ጎማው ባዶውን መዞር እንደጀመረ እግራችሁን አንሱ። ተጨማሪ ነዳጅ የሚቆፍረው ጉድጓድ ነው። ልጆቹን አውርዱና ከመንገዱ ዳር፣ ከመኪናው ፊትም ኋላም ራቅ ባለ ቦታ ከአያታቸው ጋር አቁሟቸው። ከዚያ በአካፋ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ ጥረጉ። ያንን የያዛችሁትን አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር አድርጉ።

ለዲፈረንሻሉ ድክመት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን የሚይዝ ከሆነ በጣም በስሱ፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ሳቡት። ባዶውን የሚዞረው ጎማ ጥቂት ሲያዝ ጉልበቱ ወደ ሌላኛው ይሻገራል። መኪናው እንደወጣ ወዲያው ልቀቁት። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ይህንኑ ሥራ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል። አዲስ ፒካፕ የምትገዙ ደግሞ ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፤ ካለው ፎር ዊል ባይሆንም ብዙ ይረዳል።

መግፋት የአዋቂ ሥራ ነው። የሚገፋውም ሰው በመኪናው ማዕዘን ይቁም እንጂ ከሚዞረው ጎማ ጀርባ አይቁም፤ ድንጋይና እንጨት የሚወረወረው ወደዚያ ነው። ዳገት ላይ ከሆነ ከኋላ ማንም አይቁም። በገመድ ሲጎተትም ገመዱ ቢበጠስ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሰው አይኑር።

ክብደት የማይመልሰው ነገር

ከአሸዋም ከጎማም በላይ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ጎርፍ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሚፈስ ውሃ ብዙ ትንንሽ መኪኖችን ሊወስድ ይችላል። 60 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአዋቂ ጉልበት አልፎ የሚወጣ ውሃ፣ ፒካፕን ጨምሮ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይሄዳል። መኪና ውሃ ውስጥ ሲገባ ይንሳፈፋልና ከኋላ የጫናችሁት ሁለት ኩንታል አይታደጋችሁም። ወንዙ ከሞላ መጠበቅ ነው። የደጋው ክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ማለዳ መነሳት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

በረዶ አገር ላሉ ልጆቻችን

ልጆቻቸው ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ወይም ቶሮንቶ ያሉ ወላጆችም ይህን ማወቁ አይከፋቸውም። በዚያ አገር ክረምት ማለት ጭቃ ሳይሆን በረዶ ነው፤ ከኋላ የሚገፋ ፒካፕ ግን በዚያም ያው ጠባይ አለው። እዚያም ሰዎች ፒካፓቸው ላይ አሸዋ በከረጢት ይጭናሉ፣ በአክስሉ ላይ ያስራሉ። ልዩነቱ ጎማው ላይ ነው። ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ተራ ጎማ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ በብርድ የማይደርቅ ለስላሳ ላስቲክ ያለው የክረምት ጎማ አለ። በጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። የሚገጠመውም በኋላዎቹ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ጎማዎች ነው፤ መኪናው ለመንቀሳቀስ ኋላውን፣ ለመቆምና ለመታጠፍ ደግሞ ፊቱን ይፈልጋልና። በስልክ «በረዶ ጥሏል» ሲሏችሁ «ካፖርት ልበስ» ከምትሉት ጋር «ጎማህንስ ቀየርክ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመነሳታችሁ በፊት

የአያት ቤትን መንገድ ከአያት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ፤ «ትናንት ማታ ዝናብ ጥሏል? ወንዙስ እንዴት ነው? ሌላ መኪና አልፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። አያቶችም ደግሞ ናፍቆቱ ቢበረታም «ኧረ ግድ የለም፣ ኑ» አትበሉ፤ መንገዱ ከከፋ የከፋ ነው በሏቸው። እናንተ «ይቆይ» ካላችሁ አባት የሚነዳውን መኪና ለማስቆም ማንም አይከብደውም።

ከመጣችሁም በኋላ መንገዱ ካላማረ መኪናውን አስፋልቱ ዳር ከሚታወቅ ሰው ግቢ አሳድሩና የቀረችውን በእግር ሂዱ። ለልጅ ከአጎቱ ጋር ቦት ጫማ አድርጎ በጭቃ መሄድ ቅጣት አይደለም፤ የዓመቱ ትልቁ ወሬው ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ጠፈፍ ሲል መኪናው ይደርሳል፤ ከኋላው አሸዋውን ጭኖ፣ ከፊቱ ደግሞ ልጆቹን በቀበቶ አስሮ።